ሦስት መቶ ማንጎ በአንድ ግንድ

በህንድ ላክናው ከተማ አቅራቢያ፣ ማሊሃባድ ውስጥ፣ ሃጂ ካሊሙላህ ካን የተባሉ አዛውንት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አንድ ግንድ ላይ ከ300 በላይ የማንጎ ዓይነቶችን አዳቅለዋል። ትምህርታቸውን በልጅነታቸው ያቋረጡት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ከአገራቸው ከፍተኛ የክብር ሽልማቶች አንዱ የሆነውን ፓድማ ሽሪን ተቀብለዋል፤ ይገባቸዋልም። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ቀንበጡን በሰያፍ መቁረጥ፣ ቅርፊቱ ከተላጠ ቅርንጫፍ ጋር ቁስል ለቁስል ማገጣጠም፣ ውሃና አየር እንዳይገባ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የህንድ ማንጎ ከዘር ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ እናቱን ስለማይመስል፣ አንድን ጣዕም ለልጅ ልጅ የሚያሻግረው እንዲህ የሚያዳቅል እጅ ነው።

አንድ ዛፍ ላይ ይህን ሁሉ መሰብሰብ ለታይታ ነው፣ ዛፉ ቢታመም ሁሉም አብሮ ይጠፋል የሚል ሊኖር ይችላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ካን ራሳቸው በወጣትነታቸው ሰባት ዓይነት ያዳቀሉበት ዛፍ በጎርፍ ጠፍቶባቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለሌላ ችግኝ የሚሆን ቀንበጥ ይሰጣል። ገበያው ጥቂት ዓይነቶችን ብቻ መርጦ ሌላውን ባስረሳበት ዘመን፣ ገዢ ያጣው ማንጎ መጠጊያ የሚያገኘው እንዲህ ባለ ሰው ዘንድ ነው። እናንተም በግቢያችሁ ጣዕሙ የተለየ ያረጀ ማንጎ ካለ፣ ከመቆረጡ በፊት ቀንበጡን ማዳቀል ለሚያውቅ ችግኝ አፍይ ስጡት።