አየር ላይ የቀረ ሰው

ኦስትሪያዊው ሄርማን ማየር አየር ላይ ተጋድሟል። እግሮቹ ከነስኪው ከምድር ተነቅለዋል፣ ሰውነቱ እንደ ሳንቃ አግድም ተዘርግቷል። ዕለቱ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1998 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው የናጋኖ ኦሊምፒክ የቁልቁል ስኪ ውድድር የተካሄደበት የጃፓኑ ሃኩባ። ፎቶግራፉን ያነሳው ካርል ያርብሮ ሲሆን ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት በሽፋኑ ይዞት ወጣ። ማየር ከዚያች ቅጽበት በኋላ ሁለት የመከላከያ አጥሮችን ጥሶ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ወደቀ። ተነሥቶም ቆመ። በሦስተኛው ቀን ሱፐር ጂ በተባለው ውድድር፣ ሌላ ሦስት ቀን ቆይቶ ደግሞ በጃያንት ስላሎም ወርቅ አጠለቀ።

ፎቶው ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ይህን ምስል ባየሁት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ ማየር እየወደቀ መሆኑን በምን አወቅን? ምስሉ ላይ ያለው የተንሳፈፈ ሰው ብቻ ነው። መውደቁን የምንጨምርለት እኛ ነን፤ የሰውን ሰውነት ክብደትና የምድርን ጥንካሬ ከገዛ ሕይወታችን ስለምናውቅ። የሚያስጨንቀን ያየነው ነገር ሳይሆን ሊመጣ ያለው ነው።

ጀርመናዊው ጎትሆልት ኤፍሬም ሌሲንግ በ1766 ባሳተመው «ላኦኮን» በተባለ ድርሰቱ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ሐሳብ ትቶልናል። ሠዓሊና ቀራጺ ከአንድ ድርጊት ውስጥ የምትፈቀድላቸው አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት፤ ስለዚህ የስሜቱን ጫፍ ትተው የተመልካቹን ምናብ የምታሠራዋን ቅጽበት ይምረጡ ይላል። የያርብሮ ፎቶ ይህን ምክር የሰማ ይመስላል፤ አደጋው ሊደርስ ሲል ቆሟል። ሌሲንግ ግን እዚያው ላይ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አክሏል። ጥበብ ለአንዲት ቅጽበት ዘላቂነት ስለምትሰጥ፣ በባሕርይዋ አላፊ የሆነችውን ቅጽበት ልትመርጥ አይገባም። የአደገኛ ስፖርት ፎቶግራፍ የሚኖረው ደግሞ ይህንኑ ክልከላ በመጣስ ነው። አላፊውን ያስቀራል፤ ሰውየውን አየር ላይ ትቶት ይሄዳል።

የኔ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ስንመዝን ሰውየው ምን ያህል ከፍ ብሎ ታየ ከማለታችን በፊት ምድሩ የት ገባ ብለን መጠየቅ አለብን። የተነሣበትና የሚያርፍበት ምድር ከፍሬሙ ሲወጣ አደጋውም ልፋቱም አብረው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ጌጥ ነው።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። አማርኛችን ከዝናብ ጋር ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠርም፣ በማቀዝቀዣ የረጋውን ውሃም፣ አልፕስ ላይ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውንም «በረዶ» ይላቸዋል። «የበረዶ ሸርተቴ» ስንልም በምላጭ ጫማ የሚንሸራተተውንና ከተራራ በስኪ የሚምዘገዘገውን አንለይም። ለፎቶ አንሺ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የረጋው በረዶ ያንጸባርቃል፤ የተነጠፈው ዱካ ይይዛል፣ ሲቆረጥም ይቦንናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስኪና ስኖውቦርድ የሚሉትን ቃላት እንዳሉ እጠቀማለሁ።

የስፖርት ፎቶግራፍ ገና ሲወለድ ጥያቄው የምድር ጥያቄ ነበር። በ1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ በባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ በሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ ማርቢያ፣ 12 ካሜራዎችን ደርድሮ ጋላቢ ፈረስ አነሣ። የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ አንድ ጊዜ ምድርን ይለቅቃሉ ወይ? መልሱ አዎን ሆነ፤ ነገር ግን ሠዓሊዎች ባሰቡበት ሰዓት አልነበረም። ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 በሣለው የኤፕሰም እሽቅድድም ላይ ፈረሶቹ እግራቸውን ከፊትም ከኋላም ዘርግተው ይበርራሉ። የማይብሪጅ ፈረስ ምድርን የለቀቀው እግሮቹን ከሆዱ ሥር በሰበሰበ ጊዜ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን አሠራሩ ነው። ማይብሪጅ ከፈረሱ ጀርባ በመስመርና በቁጥር የተከፋፈለ ነጭ ግድግዳ አቆመ፤ የፈረሱ መሮጫም ከሥር በግልጽ ይታያል። መሮጫው ባይታይ ኖሮ የፈረሱ መነሣት ማስረጃ አይኖረውም ነበር።

በረዶ ላይ ይህን ውርስ የተቀበለው የፊልም ሠሪው አርኖልድ ፋንክ ነው። ፋንክ በጂኦሎጂ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ መሬትን አጥንቶ ወደ ካሜራ መምጣቱ በሥራው ላይ ይታያል እላለሁ። በ1920 ስለ ስኪ ተአምር ፊልም ሠራ። በ1925 ደግሞ ከአርልበርጉ የስኪ መምህር ከሃነስ ሽናይደር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የፊልሙን ቁርጥራጮች በተርታ ደረደራቸው፤ ተማሪው ጉልበቱ የት እንደሚታጠፍ፣ ስኪው በረዶውን የት እንደሚነካ እያየ እንዲማር። እዚህ ላይ ዝላዩ መነሻም ማረፊያም አለው። ያው ፋንክ ግን በ1931 «ነጩ ስካር» በሚል ርዕስ ባወጣው ፊልሙ ሌላውንም መንገድ ከፍቷል። በረዶው ከፀሐይ ጋር እየተዋሐደ ብርሃን ይሆናል፤ ሰዎቹ የሚንሸራተቱበት መሬት ይሟሟል።

በዚያ ፊልም ላይ የተወነችው ሌኒ ሪፈንሽታል ይህን ሁለተኛውን መንገድ ጫፍ አደረሰችው። በ1936ቱ የበርሊን ጨዋታ ላይ ቀርጻ በ1938 ለእይታ ባበቃችው «ኦሊምፒያ» መጨረሻ ላይ ዋናተኞች ከከፍታ ይዘላሉ። መጀመሪያ ውሃው ሲቀበላቸው እናያለን። እየቆየ ውሃው ይጠፋል፤ በሰማይ ላይ የሚያልፉ ጥቁር አካላት ብቻ ይቀራሉ፣ ማንም አያርፍም። የምስሉ ውበት አይካድም። ይሁን እንጂ ክብደት የሌለው፣ የማይደክም፣ የማይሰበር ሰውነት በዚያን ዘመን በናዚዎቹ ጀርመን ለማን አምልኮ እንዳገለገለ እያወቅሁ ከዓይኔ በስተቀር ሌላ ነገሬን ለዚያ ውበት መስጠት አልችልም። ምድርን ከፍሬም ማውጣት የቅርጽ ምርጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ስኖውቦርድ ለዚህ አደጋ ከራሱ ባህል መድኃኒት አግኝቷል። ከስኬትቦርድ የወረሰው ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ያላረፉበት ዝላይ ፎቶ አይታተምም። አየር ላይ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ልጁ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ካልወረደ ምስሉ ውሸት ነው ይላሉ። ይህ ሕግ እጅግ ያስደንቀኛል፤ ምክንያቱም ፎቶው ብቻውን መከበሩን ሊያሳይ አይችልም። ያረፈውም የተሰበረውም በዚያች የሺኛ ሰከንድ ክፋይ ውስጥ አንድ ናቸው። እውነቱ የሚኖረው በፎቶ አንሺውና በዘላዩ መካከል ባለ መተማመን ነው። ለዚህም ይመስላል መጽሔቶቻቸው ተከታታይ ምስልን የወደዱት፦ አንዱ ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ይታያል፤ ከመነሻው ጠርዝ ጀምሮ አየሩን ቀስት ሠርቶበት እስከ ማረፊያው። ፋንክ በመጽሐፉ የደረደረው ነገር በአንድ ገጽ ላይ ተሰበሰበ ማለት ነው።

ወደ ካሜራው እንግባ። በረዶ ብርሃን መለኪያን ያታልላል። መለኪያው የተሠራው ዓለምን በአማካይ ግራጫ አድርጎ እንዲያይ ስለሆነ ነጩን በረዶ አመድ ያስመስለዋል። ፎቶ አንሺው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ እርከን) ብርሃን ሲጨምር ነጩ ይመለሳል፤ ካበዛው ደግሞ የበረዶው ቅንጣት፣ የስኪው ጭረት፣ የመሬቱ ወጣ ገባ ሁሉ በነጭ ይዋጣል። በዚህች ጠባብ ልክ ውስጥ ነው መሬቱ የሚድነው ወይም የሚጠፋው።

ከሁሉ በላይ ግን የምፈልገው ጥላውን ነው። ፀሐይ ባለችበት ቀን ዘላዩ ሃፍፓይፕ ከሚባለው ባለ ሁለት ግድግዳ የበረዶ ቦይ ጠርዝ በላይ ሲወጣ ጥላው ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ በሰውየውና በጥላው መካከል ያለው ርቀት ያለ ሜትር ያስለካል። ኖርዌጂያዊው ቴርዬ ሃኮንሰን በ2007 በኦስሎ ከኳርተርፓይፕ (ባለ አንድ ግድግዳ መዝለያ) ጠርዝ በላይ 9.8 ሜትር ወጣ። ቁጥሩን ስንሰማ እናደንቃለን፤ የምንደነግጠው ግን ጠርዙንና ሰውየውን በአንድ ፍሬም ስናይ ነው። ከጠርዙ ሥር ተኝቶ በሰፊ ሌንስ ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው ሁለት ሜትር የዘለለውን ከደመና ያደርሰዋል። ከሩቅ በረጅም ሌንስ የሚያነሣው ደግሞ ዘላዩን ከምድሩ ቆርጦ በደበዘዘ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል። ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ከሁለቱም ግን ሰውየው የት እንደሚወድቅ አንማርም።

በጁላይ 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የማዕበል ቀዘፋ ውድድር በታሂቲዋ ቴአሁፖኦ ሲካሄድ ዤሮም ብሩዬ ለኤ.ኤፍ.ፒ ያነሣው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሰሌዳውም አጠገቡ ቆሟል። ብዙዎች የተቀነባበረ መሰላቸው። ያልተቀነባበረ ነው። ብሩዬ በጀልባ ላይ ሆኖ፣ ቀዛፊው ማዕበሉን ሲጨርስ በጀርባው በኩል ዘልሎ እንደሚወጣ ከልምድ ስለሚያውቅ ጠበቀው። ፎቶው ድንቅ የትዕግሥት ሥራ ነው። ሆኖም ሜዲናን 9.90 ነጥብ ያስገኘለትን ነገር አያሳይም። ያ ጥልቅ ማዕበል ከኋላ ቀርቷል፤ ሰሌዳውን የያዘበት ጉልበት፣ ከሥር ያለው ሹል ኮራል የሉም። ያየነው ከሥራው በኋላ የመጣውን ደስታ ነው፤ እኛ ግን እንደ ሥራው ቆጠርነው።

ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው የኮን ኢቺካዋ የ1965 ፊልም «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ትዝ ይለኛል። ኢቺካዋ በ1964ቱ ማራቶን አበበ ቢቂላን በረጅም ሌንስ ይዞ ፊቱ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል። የጀግንነት ጫፍ አይፈልግም፤ እርምጃው ሲደጋገም፣ ላቡ ሲወርድ ያያል። ፊቱ ላይ ያለው ጸጥታ የሚከብደን ከሥር የሚመታውን አስፋልት ስለማንረሳ ነው። በረዶም ላይ እንዲህ ያለ ሩጫ አለ። በ2006 በቶሪኖ ጨዋታ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ሆኖ ጨረሰ። አገር አቋራጭ ስኪ ከምድር የማይለቅቅ ስፖርት ነው፤ ስለዚህም የሽፋን ፎቶ ብዙም አያገኝም። የፎቶ አዘጋጆች ከፍታን ከድካም አስበልጠው እንደሚመርጡ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በ2022ቱ የቤጂንግ ጨዋታ ደግሞ ምድር ራሷ ተገልጣ መጣች። ውድድሩ የተካሄደው ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ነበር። በያንቺንግና በዣንግጃኮ ኮረብቶች ቡናማ ሆነው ነጩ መስመር እንደ ተዘረጋ ነጠላ በመካከላቸው ይወርዳል። ቀረብ አድርጎ ያነሣ ሰው አልፕስ ያለ ያስመስለዋል፤ ካሜራውን ትንሽ ወደ ኋላ የሳበ እውነቱን ያሳያል። በከተማዋ ምዕራብ ደግሞ የቢግ ኤር መዝለያው የቆመው በተዘጋው የሾውጋንግ ብረት ፋብሪካ ግቢ ነበር። ለቻይና የተወዳደሩት አይሊን ጉ እና ሱ ዪሚንግ ወርቅ ያገኙበት ዝላይ ከግዙፎቹ የማቀዝቀዣ ማማዎች ፊት ለፊት ነው። በርካታ ተመልካቾች የኒውክሌር ጣቢያ መስሏቸው አዘኑ፣ ውበቱ ተበላሸ አሉ። እኔ ከዚያ ጨዋታ ከቀሩት ምስሎች ሁሉ እነዚህን አስቀድማለሁ። ያ በረዶ በምን ኃይልና በማን ገንዘብ እዚያ እንደተነጠፈ፣ በፊትም ቦታው ላይ ማን ይሠራ እንደነበር ለመጠየቅ በር የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

ምድርን የለቀቀው ዘላዩ ብቻም አይደለም። ዲሴምበር 22 ቀን 2015 ጣሊያን ውስጥ በማዶና ዲ ካምፒሊዮ የሌሊት ስላሎም ሲካሄድ፣ ውድድሩን ይቀርጽ የነበረ ድሮን ከሰማይ ወድቆ ከተወዳዳሪው ማርሴል ሂርሸር ጀርባ ለጥቂት ስቶት ተከሰከሰ። ሂርሸር ሳይቆም ወርዶ ሁለተኛ ወጣ። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ላይ ድሮንን አገደ። የተራራ ፎቶ አንሺ ውድድሩ ሳይጀመር ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፣ ጫማው ላይ ብረት አስሮ ከመረቡ ጀርባ ይቆማል፣ ብርዱ ባትሪውን ሲበላው ትርፉን ከብብቱ ያወጣል። በተመሳሳይ ቁልቁለት ላይ ስለቆመ የተወዳዳሪውን አደጋ በጥቂቱም ቢሆን ይካፈላል። ያ ድሮን የሚያየውን ቁልቁለት አልረገጠውም፤ ምድሩን የነካው በወደቀ ጊዜ ነው።

ፀሐይ በሌለችበት ቀን ሰማዩም በረዶውም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ። ጥላ የለም፤ ተወዳዳሪው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ከፊቱ ያለው ጉብታ ይሁን ጉድጓድ አይለይም፣ ፎቶ አንሺውም እንደሱ አይለይም። አዘጋጆቹ በበረዶው ላይ ሰማያዊ ቀለም በመስመር ይረጫሉ። ተወዳዳሪው ያንን መስመር እያነበበ ይወርዳል። ፎቶው ዴስክ ላይ ሲደርስ፣ ነጩ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ መስመሩን የሚያጠፋ እጅ ሊኖር ይችላል፤ ሲያጠፋው፣ ያ ሰው በዚያን ቀን መሬቱን ያየበትን ምልክት ያጠፋል።