ጸሐፊው ያልታወቀ ፒክ አፕ

ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ሥነ ቃል ብዙ አወድሻለሁ። «ያልተጻፈ ሁሉ የጠፋ አይደለም» እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሳምኛለሁ። ከዚህ ውዳሴ ያስጣለኝ የትምህርት ክፍል ባልደረባ አይደለም። አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ ናት።

ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራች፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር። ማን ገዛት፣ ማን ሸጣት የሚለው ሊብሬዋ ላይ በማኅተም ተጽፏል። ማን ፈታት፣ ማን ገጠማት፣ ምኗ ተቀየረ የሚለው ግን የትም የለም።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ጭኜ፣ የእህቴን ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ደጀን ጉዞ ጀመርኩ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን ቁልቁለት እንደተያያዝነው ሞተሩ ቀጥ አለ። መኪና የማይነዳ ሰው «ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተር ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። ይሠራል እንጂ! የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልልን ቫኪዩም የሚመጣው ሞተሩ ከሚያዞረው ፓምፕ ነው፤ መሪውንም የሚያለሰልሰው እሱው ነው። ሞተሩ ሲሞት የቀረው ቫኪዩም ለሁለት ሦስት ርግጫ ቢበቃ ነው። ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ታዘዘኝ። በሦስተኛው ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሬ ቆሜበት፣ ልጁ የእጅ ፍሬኑን እየጎተተ፣ መሪውን በደረቴ ጭምር ገፍቼ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ከተትኳት። ልጁ በሌላ መኪና ደጀን እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የተበጠሰው የታይሚንግ ቺንጋ ነበር። ነገሩ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ፒስተኖቹና ቫልቮቹ ተራቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው እሱ ነው። ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቀሩና ፒስተኖቹ ይመጡባቸዋል፤ መዘዙም ቴስታታ ድረስ ይዘልቃል። የዚህ ሞተር ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ፋብሪካው የሰው ልጅ ረሺ መሆኑን ስለሚያውቅ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ አንዲት መብራት አስቀምጧል፤ ጊዜው ሲደርስ ትበራለች።

መኪናዋ ተጎትታ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ መካኒኬን ጠየቅሁት።

«መቼ ነበር የተቀየረው?»

«ጋሼ፣ እሱን እንግዲህ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«እኔ ከሰው ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያማ ሰውዬው ነው የሚያውቀው።»

«መብራቷስ ለምን አልበራችም?»

ዳሽቦርዱን ፈታው። ከአምፖሏ ፊት ለፊት፣ ከውስጥ በኩል፣ በጥፍር ልክ የተቆረጠ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። መካኒኬ ሳቀ። «ቺንጋ ከመቀየር ፕላስተር ይረክሳላ!» አለኝ። ለካ ስንት ዓመት ከፊቴ ሆና ስትጮኽ ኖራለች፤ አፏ ተለጉሞ።

ይህ መካኒክ፣ ልብ በሉ፣ እጅግ የሚደነቅ ባለሙያ ነው። ኩሽኔታ ማለቁን በጆሮው ብቻ ያውቃል። ሰው አስተማረው እንጂ መጽሐፍ አላስተማረውም። የሚጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ከአፍ ወደ አፍ እንጂ በመዝገበ ቃላት አልመጡም፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም የጣሊያን ትራፊ ናቸው። (ባሌስትራ በጣሊያንኛ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ስም ነው። ይሄንን ስነግረው «ታዲያ ለእኛ ምን ይጨምርልናል?» ብሎኛል። ተማሪዎቼም እንዲህ ይሉኝ ነበር።) «የእኛ መካኒክ እኮ ከምንም ተነሥቶ ያስነሣዋል» የሚለውን አድናቆት እኔም በዚሁ ገጽ ጽፌዋለሁ። አሁን ሳስበው ግማሽ አድናቆት ነው። መኪናዋን ያስነሣታል፤ ምን አድርጎ እንዳስነሣት ግን ለሚቀጥለው መካኒክ የሚነግረው የለም። ቀጣዩም ከዜሮ ይጀምራል። የግምቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን፤ አንዳንዴ በገንዘብ፣ አንዳንዴ ዓባይ በረሃ ላይ።

የብራና ጸሐፊዎቻችን እንዲህ አልነበሩም። ብራናውን ሲጨርስ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰው ስም፣ አንዳንዴም ዘመኑን ጽፎ «በጸሎት አስቡኝ» የሚል ጥቂት አይደለም። የእኔዋ ሃይሉክስ ላይ ግን ስንት እጅ አርፏል፣ አንድም ስም የለም።

ጉዳዩ ደግሞ እየከበደ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረን። ውሳኔውን በሌላ ቀን እንተቸዋለን። ለዛሬው ግን፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ከዚህ በፊት ካሰብነው በላይ ረጅም ዕድሜ ልናኖራት ነው ማለት ነው፤ ዕድሜዋ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሚነካካት እጅ ይበዛል።

ጥፋቱን መካኒክ ላይ ብቻ ልጭን ብል አያምርብኝም። አንድ ዓመት ቦሎ ሲደርስ «ሌላውን ተወው፣ ምርመራውን ብቻ አሳልፍልኝ» ያልኩት እኔው ነኝ። ያኔ ምን እንዳደረገ አልጠየቅሁትም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። ፕላስተሩን የለጠፈው ሰው በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ ቶሎ የምመልስለት አይመስለኝም።

አዲሱ ቺንጋ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ ሲገጠም አንድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራው ሰው ስም የሚል መስመር አሰምሬበታለሁ። መካኒኬ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀኑን ጻፈ፤ ኪሎ ሜትሩን አንብቦ ጻፈ፤ «ቺንጋ ተቀየረ» ብሎ ጻፈ። ስሙ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ስሜን ምን ሊያደርጉት ነው? ነገር እንዳይመጣብኝ።»

የብራናው ጸሐፊ ስሙን የሚያኖረው ሊመረቅበት ነው። የእኔው ባለሙያ ግን ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም የት እንደሚያደርስ ያውቃል፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ገቢዎች። ተጽፎ ተመስግኖ አያውቅም። ምን ብዬ ልከራከረው?

ደብተሩ አሁን ከሊብሬው ጋር መሳቢያው ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዘይት ቅየራና አንድ የራዲያተር ጥገና ሰፍሮበታል፤ የስሙ መደዳ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ወር የፍሪሲዮን ሥራ አለብኝ። እንደገና እጠይቀዋለሁ።