ጭቃውና እጁ

ሰው ዘወትር የሚረግጠውን ነገር መናቅ ይቀናዋል። እኔም የወረታ ልጅ ነኝና የፎገራን ጥቁር አፈር እየረገጥሁና እየናቅሁ አደግሁ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ አፈሩ እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ውበት መኖሩን ያስተዋልሁት ግን ከአገሬ ርቄ፣ አዲስ አበባ መካኒሳ በሚገኘው በዞማ ሙዚየም ነው።

ሙዚየሙን ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜና የትርዒት አዘጋጅዋ ወይዘሮ መስከረም አሰግድ አቋቁመው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፍተውታል። ግድግዳው እንደ አባቶቻችን ቤት ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋራ ተረግጦ ሲሰነብት ይቦካል፤ ጭዱም ሲበሰብስ ጭቃውን ያጣብቀዋል። እንግዲህ ብስባሹ የግድግዳው ጥፋት ሳይሆን ብርታቱ ነው ማለት ነው። አቶ ኤልያስ በዚህ ጭቃ ላይ ያወጧቸው መስመሮች ለእኔ የጎርፍ መንገድ፣ የእርሻ ትልምና የደረቀ መሬት ስንጥቅ መስለው ታዩኝ።

እኚሁ ሠዓሊ ከተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦ በሚሠሯቸው ሰፋፊ ሥራዎች በውጭ አገር ታውቀዋል። እኔ ግን ጭቃውን አስበልጣለሁ፤ ጭቃ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና መመረግ ስላለበት፣ የሚያስብለት ሰው ከሌለ እንደሚፈርስ አይሸሽግምና። ነቀፋም አለኝ፤ አልፎ አልፎ ጌጡ ከመብዛቱ የተነሣ ጭቃው ጭቃነቱን ይረሳል።

የሚበልጠው ነቀፋ ግን በራሴ ላይ ነው። በልጅነቴ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ቤታችን ስትመጣ እናቴ ጀበናውን በጣቷ እየመታች ድምፁን ሰምታ ትገዛ ነበር። ሴትዮዋ «ቡዳ ናት» ስለ ተባለች ከደጅ ቆማ ገንዘቧን ተቀብላ ትሄዳለች፤ እርሷ በሠራችው ጀበና ቡና ስናፈላ አንድ ስኒ እንኳ አልቀዳንላትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አውጀው ነበር፤ አዋጁ ግን ከእኛ ደጅ አልገባም።

አንባቢ ሆይ፣ ጭቃውን በሙዚየም እያደነቅን ጭቃ ያቦካችውን እጅ ከደጅ ካቆምን፣ ያደነቅነው ሥራውን ሳይሆን የሙዚየሙን ስም ነው። ስለዚህ ጀበና የምታመጣልህን ሴት ግቢ በላት፤ የመጀመሪያውንም ስኒ ለእርሷ ቅዳላት።