የተጸውዖ ስሞች አፈታት

የተጸውዖ ስምን በሥርወ ቃሉ ብቻ የመፍታት ልማድ ጎዶሎ ሆኖ አግኝተነዋል። «ማስረሻ» ከ«ረሳ» የወጣ ነው ማለት አይበቃም፤ ወላጆች ይህን ስም የሚያወጡት አዲሱ ልጅ ያለፈውን ኀዘን እንዲያስረሳቸው ነው። «ካሳ» እና «ምትኩ»ም ብዙውን ጊዜ በሞት ለተለየ ሰው ምትክ መገኘቱን ያመለክታሉ። «ማንጠግቦሽ» ደግሞ ሙሉ ጥያቄ ነው፤ መልሱም «ማንም» ነው።

አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በአቃቂ ቃሊቲ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ቶላ» የኦሮምኛ በጎነት እንጂ የአማርኛ «ቶሎ» አይደለም። ስለዚህ የስም ፍቺ ቋንቋውን፣ ሥርወ ቃሉንና የአወጣጡን ምክንያት አሟልቶ ሊይዝ ይገባል እንላለን። አለዚያ ተርጓሚው ቃሉን ይዞ የወላጆቹን ኀዘንና ተስፋ ይጥላል።