ንባብና ትርጓሜ

በድንገት የታመመ ኩላሊት ሐኪሙን የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ቍጥር ነው፤ ከጡንቻ የሚመነጨውና ኩላሊት ሊያስወግደው የሚገባው ክሬአቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር 0.3 ሚሊግራም ያህል ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ኩላሊቱ መጐዳቱን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህች ቍጥር ንባብ ብቻ ናት፤ የብሉያትና የሐዲሳት መምህራን በአንዱ ንባብ ላይ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ እንደሚያወርዱ፣ እኛም ሕመምተኛው በተቅማጥ ወይም በደም መፍሰስ ፈሳሽ አንሶት፣ አንድም የኩላሊቱ ቱቦዎች ቈስለው፣ አንድም ማጣሪያው ተቈጥቶ፣ አንድም መውጫው በጠጠር ታግዶ እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። የመጨረሻውን አልትራሳውንድ ይፈታልናል፤ የቀሩትን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚተረጕመው ሽንቱ ነው።

ስለዚህ ሽንቱን ትኵስ ሳለ በሴንትሪፉጅ አዙሬ ዝቃጩን በገዛ ዓይኔ በማይክሮስኮፕ እመለከታለሁ። የቱቦውን ቅርጽ ይዘው የወጡ፣ ጭቃ የመሰሉ ቡናማ ጥቅሎች የቱቦውን መቍሰል፣ ቀይ የደም ሕዋስ ያዘሉት ደግሞ የማጣሪያውን መቈጣት ይመሰክራሉ። ሽንቱ ከዘገየ ግን እነዚህ ምስክሮች ይሟሟሉ፤ በጀማሪነቴ ዘመን ከጧት እስከ ተሲዓት መስኮት ሥር ተረስቶ የዋለ ሽንት «ንጹሕ ነው» ተብሎ ቢመለስልኝ፣ ውጤቱን አምኜ፣ ማጣሪያቸው ለተቈጣ እናት ፊታቸው እያበጠ ሦስት ቀን ሙሉ በደም ሥር ፈሳሽ ስሰጥ መሰንበቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ከተደረመሰ ግንብ ሥር ከብዙ ሰዓት በኋላ የወጣ አንድ የቀን ሠራተኛ በመጣልን ዕለት ሽንቱ የቡና አተላ ይመስል ነበር። የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ በዕድሜ ታላቄ የሆኑት ጋሼ፣ «ዶክተር፣ ሽንቱ ውስጥ የነከርነው መመርመሪያ ወረቀት ደም አለ ይላል፤ እኔ ግን አንድም የደም ሕዋስ አላየሁም» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ወረቀቱ በደም ብቻ ሳይሆን ከተቀጠቀጠ ጡንቻ በሚፈስሰው በሚዮግሎቢንም ቀለሙን ይለውጣልና፤ ጡንቻ ተቀጥቅጦ ኩላሊትን የሚጐዳበትን ይህንን ሕመም ተመራማሪዎቹ ባይዋተርስና ቢል በ1941 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከፍርስራሽ ሥር በወጡ ሰዎች ላይ አይተው ጽፈውታል። ከተጣራው ሶዲየም ወደ ሽንቱ ያለፈው ከ1 በመቶ በታች ስለ ነበረ፣ ያን ብቻ ያነበበ ሰው «ውኃ ጠምቶት ነው» ብሎ ባሰናበተው ነበር፤ ነገር ግን ሚዮግሎቢን የጐዳው ኩላሊትም እንዲሁ ጨው ይቈጥባል። ከደሙ የፈለግነው የጡንቻን መቀጥቀጥ የሚያሳየውን ክሬአቲን ካይኔዝን፣ ከዚያም ይልቅ ልብን በድንገት የሚያቆመውን ፖታሲየምን ነበር፤ ሌሊቱን በየአራት ሰዓቱ ስንለካው አደርን። በሦስተኛው ቀን ጧት ከአልጋው ጐን የተንጠለጠለውን ከረጢት የጭድ ቀለም ባለው ሽንት ተሞልቶ አገኘነው፤ ጋሼም ከዚያው ጥቂት ቀድተው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ሄዱ።