ፈር የቀደደው ማን ነው?

«ፈር ቀዳጅ» የሚለው ቃል ረክሷል። አዲስ ካፌ የከፈተ ፈር ቀዳጅ ነው፤ አፕ የሠራ ፈር ቀዳጅ ነው፤ በሽልማት መድረክ ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ ፈር ቀዳጅ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሥራ አንድ ስም ለሁሉም ነገር ከተሰጠ ምንም እንዳልሰየመ ይቆጠራል። የእስቴ ልጅም ስለሆንኩ «ፈር» ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ማረሻ ነው እንጂ መድረክ አይደለም።

እንግሊዞች ቀድሞ ለመጣ ሰው ብዙ ቃል አላቸው። «ፕሪከርሰር» ከላቲን የመጣ ነው፤ ቀድሞ የሚሮጥ ማለት ነው። «ሃርቢንጀር» ድሮ ለጦር ወይም ለንጉሥ ጓዝ ማደሪያ እንዲያዘጋጅ ቀድሞ የሚላከው ሰው ነበር። «ፓይነር» ደግሞ ለሠራዊቱ መንገድና ምሽግ የሚቆፍር እግረኛ ነበር። ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ከኋላ የሚመጣ ሰው መኖሩ ነው። የኛም ፊታውራሪ እንዲሁ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሲወድቅ ከኋላው ሠራዊት ነበረ። ጦር የማይከተለው ፊታውራሪ ብቻውን የሄደ ሰው ነው።

«ፈር ቀዳጅ» ግን ከነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይጨምራል። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ መሬት አንዴ ታርሶ አይበቃውም። ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ገበሬው ተመልሶ የመጀመሪያውን ፈር አቋርጦ ያርሳል። ጤፍ ሊዘራበት ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ ይመለስበታል። ዘር ሲወድቅ የመጀመሪያው ፈር የት እንደነበር ማንም አያውቀውም። እንግዲህ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ሥራው በተከታዮቹ ሥራ ውስጥ የጠፋ ሰው ነው። ማንም ያላረሰበት ፈር ጭረት ነው።

በዚህ ሚዛን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን እንመዝነው። የዘጌው ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው እንላለን። ግን የመጀመሪያ መሆን ብቻውን የቀን ጉዳይ ነው። ለኔ ትልቁ ማስረጃ ያለው ርዕሱ ላይ ነው። ዛሬ ማንም ሰው መጻሕፍት መደብር ገብቶ «ልብ ወለድ አለ?» ሲል የአፈወርቅን ርዕስ እየጠራ ነው፤ ግን አያውቀውም። የአንድ መጽሐፍ ስም የዘርፉ ሁሉ ስም ሆነ። ፈሩ ማሳው ውስጥ ጠፋ ማለት ይህ ነው።

ችግሩ አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ጋር መቆሙ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ፈር ቀዳጅ ይባላል? ብዙ ክርክር የሚከርረው ሁለት ቃል ስለምናምታታ ይመስለኛል። «ፋና ወጊ» ምስጋና ነው፤ ብርሃን ይዞ መራን እንላለን፣ ተከተሉት እንላለን። ስለዚህ ሰውየውን መመርመር ግድ ነው፤ ለአፈወርቅ ይህን ስም አልሰጠውም። «ፈር ቀዳጅ» ግን የሚመሰክረው ስለ መሬቱ ነው። ማን አረሰበት? ምን በቀለ? ሥራውን ስለ በደሉ ብንክድ ታሪካችንን እናጎድላለን፤ በደሉን ስለ ሥራው ብንሸፍን ደግሞ ባርበኞቹ ላይ እንቀልዳለን። ሁለት ቃል ካለን ሁለቱንም እውነት መያዝ እንችላለን።

በኔም ሙያ ይህ አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ዛሬ ስልክ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት እነዚያን ፕሮግራሞች አያውቃቸውም። ግን አማርኛ በኮምፒውተር ይጻፋል ብለው መጀመሪያ ያሳዩት እነሱ ናቸው። ዩኒኮድ አቋርጦ አረሰባቸው።

ለመሆኑ ለዚህ ማዕረግ ማን ይመስክር? ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የዘለቀ ተማሪ እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዐወቅሁ ብሎ ራሱን መምህር አያደርግም። «ፈር ቀዳጅ»ም እንዲሁ ቢሆን ደስ ይለኛል። ማንም ለራሱ አይውሰደው፤ በምረቃው ቀንም አይሰጥ። ከኋላ መጥቶ ያረሰ ሰው ይመስክር። እስከዚያው «ጀማሪ» ብንል ምን አለበት? ጀማሪ መሆን ነውር አይደለም፤ ፈሩ ገና አልተያዘም ማለት ብቻ ነው።