ሁለት ምንጣፍ ከአንድ ቆረጣ

የኪርጊዞቹን ሺርዳክ «የእጅ ሥራ» ብለን ስናልፈው ቅር ይለኛል። ሥዕል ነው እንጂ! የበጉ ጠጉር አይፈተልም፣ አይሸመንም፤ ፍል ውሃ እየፈሰሰበት ይጠቀለላል፣ ይረገጣል፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ወፍራም ምንጣፍ ይሆናል። ከዚያ ሴትዮዋ ቀይና ጥቁሩን ደርባ፣ የበግ ቀንድ የመሰለ ሐረግ ሥላ፣ በስለት ትቆርጠዋለች። ቀዩ በጥቁሩ ቦታ ይገባል፣ ጥቁሩም በቀዩ። ብጣሽ አይጣልም፤ ሁለት ምንጣፍ ይወጣል። መጋጠሚያውን በክር ጉንጉን ሸፍና፣ ከሥሩ ሌላ ደርባ፣ ጥቅጥቅ አድርጋ ትሰፋዋለች።

አላ ኪይዝ የሚሉት ሌላው ዓይነት፣ ባለቀለሙ ጠጉር ገና ሳይጠብቅ ተነስንሶ አብሮ ስለሚረገጥ ጠርዙ ይደበዝዛል። እሱም ያምራል። እኔ ግን ለሺርዳክ አደላለሁ፤ እጅ ከሳተ በሁለቱም ምንጣፍ ላይ ይታያላ!

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለቱንም አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ደግ አደረገ። ግን ሠሪዎቹ ባብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ የገጠር ሴቶች ናቸው፤ የፋብሪካው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ደግሞ ርካሽ ነው። ታዲያ ልጅቷ ወራት የሚፈጅ ስፌት በምን ሒሳብ ትጀምር? ጎረቤቷ ፋብሪካውን ከገዛ የሚቀራት ቱሪስቱ ነው፤ እሱም ወስዶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሺርዳክ የሚሠራው በክቡ ድንኳን ውስጥ፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ተነጥፎ እንግዳ እንዲቀመጥበት ነበር።